የልጅ ሆድ ሲመታ፦ ድምፅና አረፋ የሚያጋልጡት የተሸሸገ ጉዳት

በጦር ሠፈር ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ሥጋት አለ። አባት ግዳጅ ላይ ነው፤ እናት በጓዳ ሥራ ተጠምዳለች፤ ልጅ ከዛፍ ወይም ከብስክሌት ላይ ይወድቃል። ጥቂት አልቅሶ ይነሣል፤ በቆዳው ላይ ቁስል አይታይም። ይሁን እንጂ በብስክሌት መሪ የተመታ ሆድ የተሰነጠቀ ጣፊያ ወይም ጉበት ሊሸሽግ ይችላል። በሆድ ውስጥ የሚፈስ ደም እንደ ደፈጣ ተዋጊ ነው፤ ድምፁን አጥፍቶ ይሠራል።

ስለዚህ በዛሬው የቤተሰብ አምዳችን ይህን ደፈጣ ለማጋለጥ ሐኪሞች ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱን፣ በአረፋ የታገዘውን አልትራሳውንድ፣ እናስተዋውቃለን።

አልትራሳውንድን እናቶች ከእርግዝና ክትትል ያውቁታል። መሣሪያው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል፤ ተመልሶ የሚመጣውን ማሚቶ ወደ ሥዕል ይለውጣል። እንደ ራጅና ሲቲ ስካን ጨረር የለውም። የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ በሆድ ውስጥ ያሉ እብጠቶችን በዚህ መንገድ መመርመር እንደሚቻል ያሳወቁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ነበር። ነገር ግን ተራው አልትራሳውንድ የተሰነጠቀውን የጉበት ወይም የጣፊያ ክፍል ከጤነኛው ለመለየት ብዙ ጊዜ ይቸገራል።

መፍትሔው የተገኘው ከአረፋ ነው። በ1968 ግራሚያክና ሻህ የተባሉ ተመራማሪዎች ልብን ሲመረምሩ ወደ ደም የተሰጠ ፈሳሽ ማሚቶውን እንደሚያጎላ ዘገቡ፤ ምክንያቱም ጥቃቅን አረፋዎች ሆነው ተገኙ። ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት ፈሳሾች አንዱ፣ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተባለ ጋዝ በስስ የቅባት ሽፋን ታቅፎ የሚገኝበት ነው። አረፋው በአማካይ ከቀይ የደም ሕዋስ ያንሳል። በመሆኑም በደቃቃ የደም ሥሮች ሁሉ ያልፋል፤ ጤነኛ የደም ሥርን ግን ጥሶ አይወጣም። ደም የደረሰበት ክፍል በሥዕሉ ላይ ይፈካል፤ የተሰነጠቀውና ደም ያልደረሰው ጠቁሮ ይቀራል። ጋዙ በደቂቃዎች ውስጥ በትንፋሽ ይወጣል፤ ኩላሊትንም አያስቸግርም።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን ፈሳሽ ለሕፃናት የጉበት ምርመራ በ2016 ፈቀደ። በዚያው ዓመት ሽንት ከፊኛ ወደ ኩላሊት የሚመለስባቸውን ልጆች ለመለየትም ተፈቅዷል፤ በዚህኛው ምርመራ ፈሳሹ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ይገባል። ልጁ በእናቱ አጠገብ እንደ ተኛ ይመረመራል፤ ካስፈለገም ይደገምለታል።

ሆኖም ማንኛውም መሣሪያ የራሱ ወሰን አለው። በአንጀት ውስጥ ያለ አየር ዕይታን ይጋርዳል። ፈሳሹ አልፎ አልፎ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋል። ጉዳቱ በብዙ የሰውነት ክፍል ላይ ከሆነ ሐኪሙ ሲቲ ስካንን ሊመርጥ ይችላል፤ ደሙ እጅግ ከፈሰሰም ሥዕል ሳይጠበቅ ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል። ምርጫው የባለሙያው ነው።

የወላጅ ግዳጅ ግን አንድ ነው፤ እርሱም ጊዜን አለማባከን። ከተመታ በኋላ ሆዱ እያመመው የሚሄድ፣ የሚነፋ፣ የሚያስመልሰው፣ ፊቱ የሚገረጣ፣ ላብ የሚያጠምቀው፣ የግራ ትከሻውን የሚያመው ወይም ሽንቱ ደም የቀላቀለ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይድረስ። ሆዱ አይታሽ፤ ወደ ወጌሻም አይወሰድ፤ ሐኪም እስኪያየው ምግብም መጠጥም አይሰጠው። አባት በሌለበት ቤት እናት አዛዥ ናት። ጎረቤትም የባልደረባውን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ አንሥቶ ይሩጥ። በጦር ሜዳ የቆሰለ ጓዱን ጥሎ የማይሄድ ሠራዊት በሠፈሩም ልጅን ጥሎ አይሄድምና።