መሠረታዊ የኮምፒውተር ክህሎት ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች

መሠረታዊ የኮምፒውተር ክህሎት ኮምፒውተርን አስነስቶ መዝጋትን፣ በማውስና በቁልፍ ሰሌዳ መጠቀምን፣ ጽሑፍ መጻፍን፣ ፋይል ማስቀመጥንና መልሶ ማግኘትን የሚያጠቃልል ችሎታ ነው። በኢትዮጵያ ኮምፒውተሮች በአብዛኛው የሚሠሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጀማሪው መሣሪያውንና የመሣሪያውን ቋንቋ አንድ ላይ ይማራል። ብዙ ጊዜ «ኮምፒውተር ይከብዳል» የሚያሰኘው መሣሪያው ሳይሆን ቋንቋው ነው።

በቱሉ ዲምቱ

ቱሉ ዲምቱ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛል። አፉን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የፈታ የሰፈሩ ተማሪ እንግሊዝኛን በዋናነት የሚያገኘው ከትምህርት ቤት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ቢሰጥም የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ በኮምፒውተር ላይ ከሚታየው አጭር ትእዛዝ ይለያል።

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀት ጎን ለጎን በኮምፒውተር ተሰጥቷል። በኮምፒውተር በሚሰጥ ፈተና «ኔክስት» ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያሳልፋል፤ «ሰብሚት» ግን ፈተናውን ማስረከብ ነው። ሁለቱን ያልለየ ተማሪ የሚያውቀውን ትምህርት ሳይጨርስ ሊያስረክብ ይችላል።

የሚያሳስቱ ቃላት

አንዳንድ የኮምፒውተር ቃላት የመዝገበ ቃላት ፍቺያቸው ብቻውን አይበቃም።

«ሴቭ» በተለመደው ፍቺው ማዳን ወይም መቆጠብ ነው፤ በኮምፒውተር ሥራን በፋይል ማስቀመጥ ነው።

«ሴቭ አዝ» የተከፈተውን ሥራ በሌላ ስም ወይም በሌላ ቦታ ያስቀምጣል፤ የቀድሞው ፋይል እንዳለ ይቆያል።

«ራን» መሮጥ ነው፤ በኮምፒውተር ፕሮግራም ማስነሳት ነው።

«ካንስል» ሥራውን አያጠፋም፤ የቀረበውን ጥያቄ ትቶ ወደነበሩበት መመለስ ነው።

ያልተቀመጠ ጽሑፍ ሲዘጋ ኮምፒውተሩ ብዙውን ጊዜ «ሴቭ»፣ «ዶንት ሴቭ» እና «ካንስል» የሚሉ ሦስት ምርጫዎችን ያቀርባል። ሳያነቡ «ዶንት ሴቭ» የሚለውን መጫን የተጻፈውን ያሳጣል። የተጠራጠረ ሰው «ካንስል»ን ቢመርጥ ምንም አይጠፋበትም።

የአማማር ቅደም ተከተል

ቃሉን ከድርጊቱ ጋር መማር ረጅም የቃላት ዝርዝር ከመሸምደድ ይሻላል። ጀማሪው አንድ አጭር ደብዳቤ ቢጽፍ፣ በስሙ ቢያስቀምጥ፣ ቢዘጋና መልሶ ቢከፍት ከአሥር የማይበልጡ ቃላትን ደጋግሞ ያገኛል። እነዚሁ ቃላት በሌሎች ፕሮግራሞችም ይመለሳሉ።

የቁልፍ ጥምረቶችም ያግዛሉ። በዊንዶውስ «ኮንትሮል»ን ይዞ «ኤስ»ን መጫን ያስቀምጣል፤ «ሲ» ይቀዳል፣ «ቪ» የተቀዳውን ይለጥፋል፣ «ዜድ» የመጨረሻውን ድርጊት ይመልሳል። የተሳሳተ ሰው መመለስ እንደሚችል ካወቀ ለመሞከር አይፈራም።

አማርኛ በኮምፒውተር

ቀደም ሲል የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሉን የሚመዘግቡት እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ላይ ላይነበብ ይችል ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲካተት የጋራ መለያ ቁጥር አገኘ።

ዛሬ ዊንዶውስ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ አለው፤ የማዘዣ ቃላቱንም በከፊል ወደ አማርኛ መለወጥ ይቻላል። ይሁን እንጂ ያልተተረጎሙት ክፍሎች በእንግሊዝኛ ይቀራሉ። አማርኛ ለመጻፍም ቢሆን በድምፅ የሚሠራው ሰሌዳ የላቲን ፊደላትን ማወቅ ይጠይቃል፤ ለምሳሌ «ኤል» ከዚያም «ዩ» ሲጫኑ «ሉ» ይወጣል። ስለዚህ የአማርኛው ምርጫ ጅማሬውን ያቀልላል እንጂ መሠረታዊዎቹን የእንግሊዝኛ ቃላት ከማወቅ አያድንም።