የሀዲያና የከምባታ ቤቶች ግድግዳ፦ ለፎቶግራፍና ለዲዛይን ሥራ በቅርብ የሚገኝ ምንጭ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና የሚጓዝ መንገደኛ ጉዞው ሳይጋመስ በሶዶ ወረዳ የሚገኘውን የጢያ ትክል ድንጋይ ያገኛል። እ.አ.አ በ1980 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚህ ሥፍራ ከቆሙት 36 ትክል ድንጋዮች መካከል 32ቱ የሰይፍና የሌሎች ምልክቶች ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ጎብኚው ይቆማል፣ ፎቶግራፍ ያነሳል፣ ጉዞውንም ይቀጥላል። ከዚያ ወዲያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ለሚታየው ግን ትኬት አይቆረጥለትም፣ የሚቆምለትም ጥቂት ነው።

በመንገዱ ዳርና ከዳሩም ራቅ ብሎ በእንሰት ተክል የተከበቡ ክብ የሣር ክዳን ቤቶች ይታያሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ግድግዳቸው በቀለም የተዋበ ነው። ማዕዘን በማዕዘን የተደረደሩ ቅርጾች፣ ነጠብጣቦች፣ ቀጫጭን መስመሮች፣ አልፎ አልፎም የአበባና የእንስሳት ሥዕል ይገኝባቸዋል። በዚህ ረገድ ይበልጥ የሚታወቁት በቁሊቶ ከተማ ዙሪያ የሚገኙት የሐላባ ቤቶች ሲሆኑ፣ በአጎራባቾቹ በከምባታና በሀዲያ ገጠሮችም የግድግዳ ቅብ ልማድ አለ። ሦስቱም ዞኖች ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር የሚገኙ ሲሆን፣ ሆሳዕና የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ናት።

ሆሳዕና ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር። የአሁኑን ስሟን ያገኘችው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በራስ አባተ ቧያለው ዘመን ከሆሳዕና በዓል ጋር ተያይዞ ነው። የቀደመው ስሟም አልጠፋም፤ ዩኒቨርሲቲዋ ዋቸሞ ይባላል። ከሀዲያ ተወልዳ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የሆነችውና ከፖርቱጋል ጋር ግንኙነት በመመሥረት የምትታወቀው ንግሥት ኢሌኒም በሆስፒታሏ ስም ትታወሳለች። ስምን በማቆየት ረገድ ከተማዋ አትታማም። ቅርጽንና ቀለምን በማቆየት ረገድ ግን በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ እንዲሁም በሌሎቹ የአካባቢው ከተሞች የሚሠራው ገና ብዙ ነው።

ክብ ቤት፣ ክብ ሥዕል

የግድግዳው ቅብ ከቤቱ አሠራር ተነጥሎ አይታይም። ቤቱ በእንጨት ከተማገረ በኋላ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል፤ ምርጉ ሲደርቅ በስሱ ይለቀለቃል፤ ቀለሙ የሚያርፈው ከዚህ በኋላ ነው። ቀድሞ ለዚህ ሥራ የሚውለው በቅርብ የሚገኝ ነገር ነበር። ነጭና ቀይ አፈር፣ ከሰልና አመድ ያገለግሉ ነበር። ዛሬ ከገበያ የሚገዛ ቀለም እየበዛ በመምጣቱ ሰማያዊ፣ ብጫና አረንጓዴ ተጨምረዋል። ይህን እንደ መበላሸት የሚቆጥሩ አሉ። ይሁን እንጂ የሠሪውን እጅ የሚያሳየው የቀለሙ ምንጭ ሳይሆን አቀማመጡ ነው።

ክብ ግድግዳ ማዕዘን የለውም። በመሆኑም ጌጡ ከበሩ አንድ ጎን ተነስቶ ቤቱን ዞሮ በበሩ ሌላ ጎን የሚያበቃ መቀነት ይሆናል። ሠሪዋ ወይም ሠሪው በዓይን ብቻ እየለኩ ከጀመሩት ቅርጽ ጋር መገናኘት አለባቸው። በሩ ላይ ሲደርስ የሚተርፈው ግማሽ ቅርጽ በምን ዘዴ እንደተሸፈነ ማየት ለዲዛይን ተማሪ ከብዙ ገለጻ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። ቤቱ ባለ አራት ማዕዘን ሲሆን መቀነቱ ይቆረጥና አራት የተለያዩ ሰሌዳዎች ይፈጠራሉ። ቅርጾቹ ያው ቢሆኑም ሥዕሉ ሌላ ነው።

ጣሪያውም የራሱ ድርሻ አለው። የሣር ክዳን ክፈፉ ረዘም ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ግድግዳውን ከዝናብ ይጠብቃል። በምትኩ አጭር ክፈፍ ያለው ቆርቆሮ ሲገባ የክረምቱ ዝናብ በቀጥታ ግድግዳውን ይመታል፣ ቀለሙም ይታጠባል። እንግዲህ የቅቡን ዕድሜ ያሳጠረው የሰው ፍላጎት መለወጥ ብቻ አይደለም፤ የጣሪያው መለወጥም ጭምር ነው። ቆርቆሮ የለበሰ ሰው ግን ሊወቀስ አይገባም። ሣር በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፣ ለእሳትም የተጋለጠ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው።

ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው ገንዘብና በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው ትምህርት

ከሆሳዕናና ከአካባቢው በርካታ ወጣቶች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ መሰደዳቸው የታወቀ ነው። እነርሱ የሚልኩት ገንዘብ በከተሞቹና በገጠሩ የቤቶችን መልክ ከለወጡት ምክንያቶች አንዱ ነው። የብሎኬት ግድግዳ፣ የብረት በርና ባለቀለም መስተዋት በብዛት ገብተዋል። የሚገርመው ግን ወጣቶቹ በሚሠሩበት በዚያው አገር የግድግዳ ቅብ የአንድን ሕዝብ ስም በዓለም ያስጠራ መሆኑ ነው።

የንዴቤሌ ሴቶች የቤታቸውን ግድግዳ በደማቅ ቀለምና በጥቁር መስመር በተከፈሉ ቅርጾች ማስጌጥን ከእናቶቻቸው ይማራሉ። ከእነዚህ አንዷ እ.አ.አ በ1935 የተወለዱት ወይዘሮ ኤስተር ማህላንጉ ናቸው። ሥራውን በልጅነታቸው ከእናታቸውና ከአያታቸው የተማሩ ሲሆን የዶሮ ላባን እንደ ብሩሽ ይጠቀማሉ። ከፈረንሳይ የመጡ አጥኚዎች የቤታቸውን ግድግዳ ከተመለከቱ በኋላ እ.አ.አ በ1989 በፓሪስ በተካሄደ ትልቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ ተጋብዘው የቤታቸውን አምሳያ ሠርተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1991 ቢ.ኤም.ደብልዩ ኩባንያ አንድ መኪና በንዴቤሌ ቅርጽ እንዲስሉለት አደረገ። በዚያ የኩባንያው ተከታታይ ሥራ የተሳተፉ የመጀመሪያዋ ሴትም ሆኑ። እ.አ.አ በ1986 በማርጋሬት ኮርትኒ ክላርክ ተዘጋጅቶ የታተመው የፎቶግራፍ መጽሐፍም ግድግዳዎቹን ከአካባቢው ውጭ ላለው አንባቢ አድርሷል።

ሌላው ምሳሌ የሚገኘው በቡርኪና ፋሶ ነው። የካሴና ሴቶች የሚያስጌጡት የቲየቤሌ ቤተ መንግሥት እ.አ.አ በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሕንፃዎቹ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ጌጡም በየጊዜው እንደገና ይሠራል። ጭቃ መሆኑና መታደሱ ከመመዝገብ አላገደውም። ጭቃ ቤትን ከቅርስ ለማይቆጥር ባለሙያ ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ካሜራው የሚያየውና የሚስተው

በአገራችን የፎቶግራፍ ሥራ ረጅም ዕድሜ አለው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሙያውን ለልጆቻቸው አውርሰዋል። እ.አ.አ ከ2010 ወዲህ ደግሞ በፎቶግራፍ ባለሙያዋ አይዳ ሙሉነህ የተመሠረተው የአዲስ ፎቶ ፌስት መድረክ የአፍሪካንና የዓለም ባለሙያዎችን በአዲስ አበባ አገናኝቷል። የደቡብ ኢትዮጵያን ባህል የሚመለከቱ የቆዩ ምስሎች ግን ከፊሎቹ የሚገኙት በውጭ አገር ነው። የጀርመኑ ፍሮቤኒየስ ተቋም እ.አ.አ በ1934 እና 1935 ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ባሰማራው ቡድን ውስጥ አልፍ ባይርሌ የተባለ ሠዓሊ ነበረበት። በዚያ ዘመን ካሜራ ቀለምን በሚገባ ስለማይዝ ሠዓሊው የግድ ያስፈልግ ነበር።

ዛሬ ቀለም የሚይዝ ካሜራ በየባህልና ቱሪዝም ባለሙያው ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ አለ። የጎደለው አጠቃቀሙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለሪፖርት የሚነሳው ፎቶግራፍ ኃላፊዎች ተሰልፈው የቆሙበት ሲሆን፣ ግድግዳው ከጀርባቸው ይቀራል፤ እርሱም በከፊል ተሸፍኖ ነው።

ሆሳዕና ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሰባት ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በእኩለ ቀን በአናት ላይ ትውላለች። በሌሎቹም ወራት የቀትር ብርሃን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስለሆነ ከክፈፉ በታች ያለውን ግድግዳ በጥላ ይከፍለዋል። ላይኛው ክፍል ይጠቁራል፣ ታችኛው ይነጣል። ስለዚህ ተስማሚው ጊዜ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ደመናማ ቀን ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። በእንሰት ጥላ ሥር የሚነሳ ፎቶግራፍ አረንጓዴ ስለሚያጠላበት ነጩ አፈር ነጭ ሆኖ አይታይም። አንድ ነጭ ወረቀት በግድግዳው ላይ ይዞ አንድ ተጨማሪ ምስል ማንሳት ኋላ ቀለሙን ለማስተካከል ይረዳል።

ክብ ግድግዳን በአንድ ምስል መያዝ አይቻልም። ፎቶግራፍ አንሺው ከግድግዳው እኩል ርቀት እየጠበቀ ቤቱን ዞሮ ስምንት ወይም አሥር ምስል ማንሳት ይኖርበታል፤ እያንዳንዱ ምስል ከቀጣዩ ጋር ጥቂት መደራረብ አለበት። የስልክ ሰፊ ሌንስ በዳር ያለውን መስመር ስለሚያጎብጥ ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ ማቅረቢያውን መጠቀም ይመረጣል። መጠኑ እንዲታወቅ ሜትር ወይም አንድ የታወቀ ዕቃ አብሮ ይነሳል። ቀበሌው፣ ቀኑ፣ ሠሪዋ ፈቃደኛ ከሆኑም ስማቸው በዚያው ዕለት ይጻፋል። ስልኩ የሚመዘግበው ቀን በአብዛኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን መዘንጋት በብዙ መዝገብ ቤት ስሕተት ፈጥሯል።

የፈቃድ ጉዳይ በትሕትና ብቻ የሚታለፍ አይደለም። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ለሕዝብ ጥቅም፣ ለሳይንስና ለባህል ዓላማዎች ልዩ ሁኔታዎችን ቢያስቀምጥም፣ ደጃፏ ላይ የቆመችን እናት ምስል በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለማውጣት እነዚህን መጥቀስ አያዋጣም። መጠየቅ ይቀላል።

ከግድግዳው ወደ ጽሕፈት ቤቱ

ከሠሌን፣ ከሰፌድ ወይም ከግድግዳ የተገኘ ቅርጽ ለከተማ ሥራ የሚውልበት ቦታ ሞልቷል። የእግረኛ መንገድ ንጣፍ፣ የአውቶቡስ መጠበቂያ፣ የቢሮ በር ቁጥር፣ የምስክር ወረቀት ጠርዝና የመሥሪያ ቤት አርማ ጥቂቶቹ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ክልል ከተሞች በዘለቀው የኮሪደር ልማት ሥራ ላይ ዲዛይን የሚያጸድቁ ኃላፊዎች ንጣፉና አጥሩ ከየትኛውም ከተማ ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ወይም የአካባቢውን መልክ እንዲይዝ የሚወስኑት በዕቅዱ ጊዜ ነው። ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ የሚለጠፍ ጌጥ ልጥፍነቱ ያስታውቃል።

የሥራው ቅደም ተከተል አስቸጋሪ አይደለም። ከተነሱት ፎቶግራፎች አንድ ተደጋጋሚ ቅርጽ ተመርጦ በወረቀት ይገለበጣል፤ ከዚያም ቀለሙ ወጥቶ በጥቁርና ነጭ ብቻ ይታያል። ቀለሙ ሲወጣ የሚፈርስ ቅርጽ ለንጣፍ አይሆንም፤ ምናልባት ለጨርቅ ይሆናል። ጸንቶ የሚቆመው ግን በድንጋይም፣ በብረትም፣ በማኅተምም ላይ ይሠራል። የዶርዜ ሸማኔዎች የቀይ፣ የብጫና የጥቁር ጥለት ከጋሞ ደጋ ወጥቶ በየከተማው ልብስ ላይ የዋለው ቅርጹ በሩቅ የሚለይና በቀላሉ የሚደገም በመሆኑ ነው። በ1950 ዓ.ም በአርቲስት አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተውና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት በርካታ ባለሙያዎችን ያፈራ በመሆኑ ሥራውን የሚያግዝ ሰው አይታጣም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የኢንዱስትሪ ንድፍን የሚያስመዘግበው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ጥበቃ የሚሰጠው ለአዲስ ንድፍ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ለትውልድ ሲሠራበት የኖረን ቅርጽ አንድ ድርጅት የኔ ብሎ ሊያስመዘግብ ሲመጣ አዲስ አለመሆኑን የሚያስረዳው ቀን የተጻፈበት የፎቶግራፍ መዝገብ ነው። ያ መዝገብ በዞኑ መምሪያ ከሌለ ክርክሩ በቃል ምስክር ላይ ይወድቃል።

የመዝገቡ ሥራ ጊዜ አለው። በሀዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ የሚባለው የመስከረም በዓል ከመድረሱ በፊት ቤት ይታደሳል፣ ግድግዳም ይለቀለቃል። አምና የተቀባው ቅርጽ ያኔ ከአዲሱ ልቅላቂ ሥር ይቀበራል። አዲሱን ማየት የሚሻ ባለሙያ በጥቅምት መውጣት ይችላል፤ መንገዱም ደርቆ ይጠብቀዋል። አሮጌውን ለማግኘት ግን ጭቃውን ታግሶ በነሐሴ መሄድ አለበት።