«ትንሽ ነገር ናት፣ ቶሎ ትጨርሻታለሽ»

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ ከአራት ቃል አያልፉም፦ «ዌብሳይት ማሠራት ስንት ነው?» «ምን ዓይነት ዌብሳይት?» ብዬ ስመልስ ገሚሱ ይጠፋል፣ ገሚሱ «ቆንጆ» ይለኛል። ዛሬ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍበት፤ ለሚያሠራውም፣ እንደኔ በግሉ ለሚሠራውም ይጠቅማል ብዬ ነው።

ደንበኛ ለማማት አልመጣሁም። አብረውኝ የሠሩት አብዛኞቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ግን ጨዋ ከጨዋ ጋርም ይጣላል። በዚህ ሥራ ያየሁት ጭቅጭቅ ከሞላ ጎደል አንድ ምንጭ አለው፦ ምን እንደሚሠራ፣ ማን ምን እንደሚያቀርብና ሥራው የት ላይ እንደሚያበቃ ሳንነጋገር እንጀምራለን። ከዚያ በኋላ የቀለም ጠብ ይመስለናል፣ የገንዘብ ጠብ ይመስለናል።

ስለ ዋጋ

«የአክስቴ ልጅ በአምስት ሺህ ብር እሠራልሃለሁ ብሎኛል» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ልጁ አልዋሸም። ወርድፕሬስ ላይ የተዘጋጀ ቴምፕሌት ጭኖ፣ ሎጎ ቀይሮ፣ አድራሻና ስልክ አስገብቶ ማስረከብ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አንዳንድ ድርጅት ደግሞ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም፤ እንደዚያ ሲሆን እኔም እንቅጩን እናገራለሁ። ዋጋው የሚለያየው የዕቃ ዝርዝር ከነዋጋው፣ ቀጠሮ ማስያዣ፣ ክፍያ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲባል ነው።

በዚያ ላይ ዶላሩ አለ። ዶሜይን፣ ሆስቲንግ፣ የሚገዛ ፕለጊን ካለም እሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ በዶላር ይታደሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶ ብርን አለፈ። ደንበኛው ግን የሚያየው እኔ የላክሁለትን ሂሳብ ነው፦ «አምና የከፈልኩት ይሄ ነበር፣ ዘንድሮ ለምን እጥፍ ሆነ?» ስለዚህ አሁን የእጄን ዋጋና በዶላር የሚከፈለውን ለየብቻ ጽፌ ነው የምሰጠው። በዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለን ሰዎች ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደጅ እንደምንጠና፣ ዘመድ እስኪመቸው ደግሞ የእድሳቱ ቀን እንደማይጠብቅም ይታወቅልን።

ስለ ጽሑፍና ፎቶ

«አንቺ ዲዛይኑን ጀምሪ፣ ጽሑፉን በኋላ እልክልሻለሁ።» ይህች «በኋላ» ስንት ሥራ እንደቀበረች! ልብስ ሰፊ ጋ ሄዶ ጨርቅ ሳይሰጥ፣ ሳይለካ «አንተ ብቻ ስፋው» የሚል ሰው የለም። ዌብሳይት ላይ ግን በየቀኑ ይባላል። ገጹ የሚነደፈው የሚገባበትን ነገር ተከትሎ ነው። ሦስት መስመር ይሆናል ብዬ የለካሁት «ስለ እኛ» ሁለት ገጽ ሙሉ የድርጅት ታሪክ ሆኖ ሲመጣ የምጀምረው ከዜሮ ነው።

ፎቶው ሲመጣ ደግሞ በቴሌግራም ተጨምቆ ይመጣል። ቴሌግራም ምስልን በፎቶነት ስትልኩት መጠኑን ቀንሶ ያደርሳል፤ በፋይልነት ስትልኩት ግን እንዳለ ይደርሳል። ይህችን ብቻ ብታውቁ የሁለታችንንም ጊዜ ታድናላችሁ። ሎጎም እንዲሁ ነው። ከቢዝነስ ካርድ ላይ በስልክ የተነሳ ሎጎ ለዌብሳይት አይሆንም። ሎጎውን የሠራላችሁን ሰው ዋናውን የቬክተር ፋይል ጠይቁት፤ እሱ ከጠፋ ባነር ያሳተማችሁበት ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሊገኝ ይችላል።

ስለ አማርኛው ላስረዳ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ድርጅቱ ድሮ በፓወር ግዕዝ ያስጻፈው መግለጫ ይኖራል። ኮፒ አድርጌ ዌብሳይቱ ላይ ስለጥፈው የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይሆናል። የቆዩት የአማርኛ ፎንቶች የፊደላችንን ቅርጽ ያስቀመጡት ለላቲን ፊደላት በተሰጠው ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ዩኒኮድ ለፊደላችን የራሱን ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ ሲሆን፣ ዛሬ ስልኩም ብሮውዘሩም የሚያነበው ይህንኑ ነው። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፤ እሱ የሳተውን ግን ቁጭ ብሎ በዓይን ማረም ግድ ነው። ደንበኛው «ጽሑፉን እኮ ሰጥቼሻለሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ሰጥቶኛል።

ስለ «ትንሽ ነገር»

«የኔ ልጅ፣ የቴሌብር መክፈያ ብቻ ጨምሪልኝ። አንዲት ቁልፍ ናት።» ቁልፏን መሳል በእርግጥ ደቂቃ አይፈጅም። ከጀርባዋ ግን ጥያቄ ተደርድሯል። ድርጅቱ የነጋዴ አካውንት አለው ወይ? ገዢው ከፍሎ ኔትወርክ ቢቋረጥና ማረጋገጫው ዌብሳይቱ ጋ ባይደርስ፣ ትእዛዙ «ተከፍሏል» ይባል ወይስ «አልተከፈለም»? ሁለቴ ቢከፍልስ? የከፈለበት ዕቃ መጋዘን ውስጥ አልቆ ቢገኝስ፣ ገንዘቡን ማን፣ በስንት ቀን ይመልሳል? ቴሌብርም ቻፓም የየራሳቸው ማገናኛ አላቸው፤ ማገናኘቱ ላይ የሚፈጀው ጊዜ ግን እነዚህን ጥያቄዎች ከመመለስና ከመፈተን ያንሳል። መልሱ ደግሞ የእኔ አይደለም፣ የባለ ሱቁ ነው።

ቀን ማስያዣም «ትንሽ» ይባላል። ተዘጋጅተው የሚገኙት ካላንደሮች 12 ወር ነው የሚያውቁት፣ ጳጉሜን የላቸውም። «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ ቀጠሮ የያዘ ሰው ሲስተሙ ዘንድ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ይመዘገባል። ይህን ሁሉ ወደ እኛ አቆጣጠር ማዛመድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አለቀ ያልነው ነገር እንደገና ሲከፈት ነው። ሥራ አስኪያጁ «በጣም አሪፍ ነው» ብለው ያጸድቃሉ። ማታ ባለቤታቸው ያያሉ። በሳምንቱ አሜሪካ ያለው ወንድማቸው በስልኩ ይከፍተዋል፣ አረንጓዴው አልጣመውም። አሁን የትኛውንም ሥራ ስቀበል መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማን ነው? ወንድምየው ከሆነ ይሁን፣ ግን ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ ይይ። ማስተካከያውም ስንት ዙር እንደሆነ ይጻፍ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ክፍያ አለው።

ስለ ክፍያ

ቀብድ ስጠይቅ «አታምኚኝም እንዴ?» የሚል አለ። ቀብድ ያለመተማመን ምልክት አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 ጀምሮ ስለ ቀብድ በግልጽ ደንግጓል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው የሰጠው ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እንግዲህ ፍረዱ፣ ሕጉ ጠንከር ያለው በእኔ ላይ ነው። ቀብድ የሚያሠራውንም ይጠብቃል።

የመጨረሻው ክፍያስ? «ፈራሚው መስክ ወጥቷል»፣ «ሂሳብ ክፍሏ ፈቃድ ላይ ናት»፣ «ሰኞ ደውይልኝ»። ሰኞው ስንተኛው ሰኞ እንደሆነ አይነገርም። መፍትሔው ጩኸት አይደለም፤ ክፍያውን በየደረጃው መክፈል ነው። ቀብድ ሲጀመር፣ ሁለተኛው ንድፉ ሲጸድቅ፣ የቀረው ዌብሳይቱ በድርጅቱ ዶሜይን ላይ ከመከፈቱ በፊት። ፕሮፎርማና ደረሰኝ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ክፍያው በማን እጅ እንደሚያልፍ ከመጀመሪያው ቀን ጠይቁ።

ከርክክብ በኋላ

ማታ አራት ሰዓት ላይ «ዌብሳይቱ አይሠራም!» ተብሎ ይደወላል። አንዳንዴ በእርግጥ ተበላሽቷል፣ አንዳንዴ የደዋዩ ዳታ አልቋል። ዌብሳይት ከተረከባችሁት በኋላም እንክብካቤ ይፈልጋል፤ ወርድፕሬሱና ፕለጊኖቹ ካልታደሱ ለሰርጎ ገብ በር ይከፍታሉ። ይህ በነጻ የሚጠበቅ ከሆነ ማንም አይሠራውም። ወርሃዊ ወይም ዓመታዊ ክፍያ ተስማሙበት፣ ወይም ከድርጅቱ አንድ ሰው እንዲለምደው አድርጉ።

ስለ ባለቤትነት

ደንበኞች ለምን እንደሚጠረጥሩን ይገባኛል። ቀድሞ የሠራላቸው ልጅ ስልኩን ቀይሮ ጠፍቷል፤ ዶሜይኑ በእሱ ኢሜይል ተመዝግቧል፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የዶት ኮም ዶሜይን ጊዜው አልፎ ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን ማስመለሻ ጊዜ አለው፤ በዚያ ጊዜ ለማስመለስ የሚጠየቀው ገንዘብ ከተራ እድሳት እጅግ ይበልጣል። ያም ካለፈ ስሙን ማንም ሊገዛው ይችላል። የድርጅቱ ስም፣ ማስታወቂያው ላይ የታተመው አድራሻ፣ ኢሜይሉ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው ዶሜይን ሁልጊዜ በአሠሪው ስምና ኢሜይል ይመዝገብ የምለው። ይህን የማይቀበል ዲዛይነር ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ለሥራ ባልደረቦቼ፦ ሁለት ገጽ ውል ጻፉ። ምን እንደሚሠራ፣ ጽሑፍና ፎቶ ማን በየትኛው ቀን እንደሚያቀርብ፣ ስንት ዙር ማስተካከያ እንዳለ፣ ማን እንደሚያጸድቅ፣ ክፍያው በየትኛው ደረጃ እንደሚፈጸም ይስፈርበት። በቃል የተባለ ነገር ሲረሳ የሚረሳው በሁለቱም ወገን ነው።

ዌብሳይት ላላችሁ ሁሉ ደግሞ አንድ አደራ፦ ዶሜይናችሁ በማን ስምና ኢሜይል እንደተመዘገበ፣ መቼ እንደሚታደስም ዛሬውኑ አረጋግጡ። በእናንተ ስም ካልሆነ፣ የሠራላችሁ ሰው ስልክ ሲያነሳ አዛውሩት።