ከእርዳታው ስንዴ በኋላ

አደጋ የወደቀበት አካባቢ በመጀመሪያ የሚደርሰው ስንዴ፣ ዘይትና ብርድ ልብስ ነው። ጥቂት ወራት ያልፋሉ፤ ዝናቡ ይጥላል ወይም ተፈናቃዩ ይመለሳል፤ የእርዳታው መኪናም ወደ ሌላ የተቸገረ አገር ያቀናል። በዚያው ዓመት አንደኛ ክፍል መግባት የነበረበት ልጅ ግን ትምህርቱን ለመጨረስ 12 ዓመት ይቀረዋል። እስከዚያ ድረስ ደብተሩን፣ ልብሱንና ምሳውን የሚችል ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ መልስ ያበጁ ሁለት ድርጅቶች አሉ። አንደኛው አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ሴት ጓዳ የተጀመረ ሲሆን፣ ሌላው በሕንድ አገር አንድ የጃይን እምነት ተከታይ የመሠረቱት ነው።

የመጀመሪያው የአበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ድርጅት ነው። ወይዘሮ አበበች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ሲሄዱ አገሩን በረሃብ ተመትቶ አገኙት። የያዙትን ዳቦና ጠበል መንገድ ላይ ለወደቁት አካፈሉ። በሞተች እናቷ ጡት ላይ ተጣብቃ የቀረች ሕፃን አይተው ማለፍ አልሆነላቸውም፤ እርሷንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ።

ወይዘሮ አበበች ያን ጊዜ ቡናና እህል ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ደመወዝም ትዳርም ነበራቸው። የልጆቹ ነገር ትዳሩን ሲያናጋው ልጆቹን ይዘው ከከተማ ወጣ ብላ ወደምትገኝ ጎጆ ገቡ። ጌጣቸውን ሸጡ፤ እንጀራ ጋገሩ፤ ጠጅ ጣሉ። የትምህርት ቤት ክፍያ ሲያቅታቸው ደግሞ አስተማሪ ቀጥረው ወደ ጎጆዋ አስመጡ። የድርጅቱ መሠረት እዚህ ላይ ነው፤ እጅ ባጠረበት ሰዓት እንኳ ትምህርቱ “ሲተርፍ ይደረግ” ተብሎ አልተተወም፤ ከእንጀራው ጋር እኩል ተቆጠረ።

ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1986 ድርጅቱ በሕግ ተመዘገበ፤ ከዚያ ወዲህ ከለጋሾች ገንዘብ መቀበል ቻለ። ወይዘሮ አበበች ግን በለጋሽ ብቻ አልተማመኑም። ከከተማ ውጭ የእርሻ መሬት አግኝተው ከልጆቹ ጋር አለሙ፤ ምርቱም እየተሸጠ ለማሳደጊያው ዋለ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሕመም ሲያርፉ ከጎጆዋ የተነሣው ሥራ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ችግረኛ ልጆችን ደርሶ ነበር።

ሁለተኛው ድርጅት ብሃራቲያ ጃይን ሳንጋታና ይባላል። ሻንቲላል ሙታ የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1985 በምዕራብ ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ መሠረቱት። ጃይኖች ከሕንድ ሕዝብ መቶኛ ግማሹን እንኳ አይሞሉም፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ቆጠራ 4.5 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። እምነታቸው ከቡድሃ ዘመን የማያንስ ዕድሜ አለው፤ ዋና ትእዛዙም ነፍስ ባለው ነገር ሁሉ ላይ ጉዳት አለማድረስ ነው። ማረሻ በአፈር ውስጥ የሚኖሩትን ነፍሳት ይገድላል በማለት ብዙዎቹ ከእርሻ ርቀው በንግድ ኖረዋል። ነጋዴው ሀብት ማፍራት አልተከለከለም፤ ነገር ግን ለራሱ የሚያስቀረውን ልክ ወስኖ ትርፉን እንዲሰጥ ይመከራል። ስጦታውም በአራት ይከፈላል፤ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ዕውቀት፣ እንዲሁም ሕይወትን ከፍርሃት ማዳን። እንግዲህ ልጅ ማስተማር ለእነርሱ ረሃብተኛን ከማብላት ጎን የቆመ የሃይማኖት ግዴታ ነው።

መስከረም 20 ቀን 1986 ዓ.ም. ከንጋት በፊት በዚያው በምዕራብ ሕንድ፣ ላቱር በተባለው አውራጃ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ድርጅቱ 1,200 ያህል ልጆችን ከፍርስራሹ መንደር ወደ ፑኔ ወስዶ በአዳሪነት ለዓመታት አስተማረ። ጥር 18 ቀን 1993 ዓ.ም. ጉጃራት የተባለችው የሕንድ ግዛት በሌላ የመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ግን አሠራሩን ለወጠ። ልጆቹን ከማንሣት ይልቅ በየመንደራቸው በሦስት ወር ገደማ 368 ጊዜያዊ ትምህርት ቤቶች አቆመ፤ ወደ 120,000 የሚደርሱ ተማሪዎችም ከወላጆቻቸው ሳይለዩ ወደ ክፍል ተመለሱ። ወላጅ ለሌለው ልጅ የመጀመሪያው መንገድ ይበጃል፤ ቤቱ ፈርሶ ወላጁ ለተረፈለት ግን ሁለተኛው ይሻላል።

ይህ ልዩነት በእኛው አገር፣ በሰሜን ሸዋ ለሚገኘው ለይፋት ቆላ ሰው ባዕድ አይደለም። የአጣዬ ከተማ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ተቃጥላለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ገብቷል። ብዙ ቤተሰብ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሽቶ ዓመቱ በመጠለያ አልፎበታል። ከእነዚህ ልጆች የሚበዙት ወላጅ አላቸው፤ ያጡት የተረጋጋ የትምህርት ዓመት ነው። ስለዚህ የጉጃራቱ መንገድ ለይፋት ይቀርባል፤ መምህሩንና ጥቁር ሰሌዳውን ሕዝቡ ባለበት ቦታ ማድረስ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው አገሩ ራሱ የሚሰጠው መልስ አለ። ሸዋ ሮቢት በመስኖ ሽንኩርትና በማሾ የምትነግድ ከተማ ናት፤ የሰንበቴ ገበያ አማራውን፣ አርጎባውን፣ ኦሮሞውንና አፋሩን በአንድ ቀን ያገናኛል። ሙስሊሙ ዘካ፣ ክርስቲያኑ አሥራት ያወጣል፤ ሁለቱም እድር አላቸው። እድር መዋጮ የሚሰበስበው ሰው ከሞተ በኋላ አይደለም፤ ሁሉም በሕይወት ሳለ በየወሩ ይከፍላል፤ ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑና ገንዘቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በወይዘሮ አበበች እርሻና በጃይኖቹ የስጦታ ልክ ውስጥ ያለው አሠራርም ይኸው ነው፤ ልቅሶው ሲበርድ የማይቆም ገቢ። ለቀብር በየወሩ የሚያዋጣ ማኅበር ከዚያው መዋጮ ላይ ጥቂቱን ለልጆች ትምህርት ለይቶ ለማስቀመጥ አዲስ ሕግና አዲስ ለጋሽ አይጠብቅም፤ የሚያስፈልገው በጉባኤ ተነሥቶ መወሰን ነው፤ ውሳኔውም የሚጠቅመው አደጋ ሳይመጣ ሲወሰን ነው።