ጥፋቱ የማን ነው? ጎርፍ፣ ድርቅና የሰው ልጅ አደራ

ክረምት ሲገባ የጉደር ወንዝ መልኩን ይቀይራል። ከየተዳፋቱ ማሳ የታጠበው አፈር ውኃውን አደፍርሶ ቁልቁል ወደ ዓባይ ይወርዳል። ማሳው የተወሰደበት ሙስሊም ገበሬ «የአላህ ቀደር ነው» ይላል፤ ክርስቲያን ጎረቤቱም «የእግዜር ቁጣ ነው» ይላል። ወጣቶቻችን ግን «አላህ አዛኝ ከሆነ ይህ መከራ ለምን?» ሲሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ሊናቅ አይገባም።

ሁለቱ ሃይማኖቶች ምን ይላሉ?

በሱረቱ አር-ሩም 41ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) በየብስና በባሕር የታየው ብልሽት የሰው እጅ ሥራ ውጤት መሆኑን፣ ሰዎች የሥራቸውን ከፊል የሚቀምሱትም ይመለሱ ዘንድ መሆኑን ያስተምረናል። በሱረቱል በቀራህ 30ኛው አንቀጽ ሰው በምድር ላይ ኸሊፋ ሆኖ ተሹሟል፤ ባለአደራ እንጂ ባለንብረት አይደለም ማለት ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አዳም ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ታዟል። በምዕራፍ 3 ምድር በአዳም ጥፋት ምክንያት ተረግማለች። እዚህ ላይ እንለያያለን፤ በእስልምና አዳም (ዐ.ሰ.) ተውበት አድርጎ ምሕረት አግኝቷል፤ ኃጢአቱም አይወረስም። በአደራው ግን እንገናኛለን። የካቶሊኩ ጳጳስ ፍራንሲስ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ስለ ምድር ጥበቃ መልእክት ሲጽፉ፣ በዚያው ዓመት የሙስሊም ምሁራንም በኢስታንቡል ስለ አየር ንብረት ለውጥ መግለጫ አውጥተዋል።

የተጎዳ ሁሉ ጥፋተኛ ነውን?

በፍጹም! ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ.) ያለ በደል ተፈትነዋል። ዛፉን የሚቆርጠው አንዱ፣ ማሳው የሚታጠበው የሌላው ነው። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ዝናብ ቀርቶ ነበር። ሆኖም የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እንዳሳዩት በአገሪቱ በጠቅላላ እህል አልጠፋም፤ ድሃው መግዣ አጥቶ ሳለ ከወሎ ወደ ውጭ የሚጫን እህል ነበር። ዝናቡን ያስቀረው ሰው አይደለም፤ ጎረቤቱ ሲራብ ዝም ያለው ግን ሰው ነው።

ምን እናድርግ?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ እመካለሁ ላለው ሰው፣ አስቀድሞ እንዲያስር ነግረውታል። ቀደርን ማመን እርከን ከመሥራት አያግድም። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለትም አስተምረዋል። ከጊንጪ አቅራቢያ የሚገኘው የጭልሞ ደን ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ደን መጠበቅ እንደሚቻል አሳይተውናል።

ስለሆነም ወላጆች ሆይ! በዚህ ክረምት ከልጆቻችሁ ጋር ወይራና ጥድ ትከሉ፤ ተክላችሁም አትተዉት፣ ተንከባከቡት። አላህ አደራውን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።