ቶማስ ጎበና

ቶማስ ጎበና (በመድረክ ስሙ ቶሚ ቲ) ትውልደ ኢትዮጵያዊ የቤዝ ጊታር ተጫዋች እና የሙዚቃ ፕሮዲውሰር ነው። ጎጎል ቦርዴሎ በተባለው የኒው ዮርክ ፓንክ ሮክ ባንድ ውስጥ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ቤዝ ተጫውቷል። በራሱ ስም ያዘጋጀው «ዘ ፕሬስተር ጆን ሴሽንስ» የተሰኘው አልበም የኢትዮጵያን ዜማ ከጃማይካ ደብ ሙዚቃ ጋር ያገናኛል።

ጅማሬ

ቶማስ የተወለደው በአዲስ አበባ ነው። በ16 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን ዲሲ ኖረ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከአገር ውጭ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እንደ አድማስ ያሉ የኢትዮጵያውያን ባንዶች ይጫወቱበት ነበር። ቶማስ ወደ ፓንክ የመጣው ከዚህ የስደተኞች የሙዚቃ አካባቢ ነው። ከድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ጋርም ሠርቷል።

በጎጎል ቦርዴሎ

ፓንክ ሮክ በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክና በለንደን የተስፋፋ፣ ፈጣንና ሻካራ፣ ረጅም የሙዚቃ ትምህርት የማይጠይቅ ስልት ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ጎጎል ቦርዴሎ ይህን ስልት ከምሥራቅ አውሮፓና ከሮማ ሕዝብ ሙዚቃ ጋር ቀላቅሎ «ጂፕሲ ፓንክ» የሚባለውን አሰማ። መሪው ዩክሬን ተወላጅ የሆነው ዩጂን ሁትስ ሲሆን አብዛኞቹ አባላት ከተለያዩ አገሮች የመጡ ስደተኞች ናቸው። ከጊታርና ከከበሮ በተጨማሪ ቫዮሊንና አኮርዲዮን ይጠቀማሉ። ቶማስ በ«ሱፐር ታራንታ!» (2007) እና ሪክ ሩቢን ፕሮዲውስ ባደረገው «ትራንስ ኮንቲኔንታል ሃስል» (2010) አልበሞች ላይ ተጫውቷል።

ዘ ፕሬስተር ጆን ሴሽንስ

አልበሙ በ2009 እ.ኤ.አ. በኢዚ ስታር ሪከርድስ ታተመ። ኩባንያው በኒው ዮርክ የሚገኝ የሬጌ አሳታሚ ነው። በአልበሙ ላይ ጂጂና የጎጎል ቦርዴሎ አባላት ተሳትፈዋል። «ኩሺቲክ ደብ» እና «ኦሮሞ ደብ» የተሰኙት ሥራዎች ከርዕሳቸው ጀምሮ የአልበሙን መንገድ ያሳያሉ።

ደብ በጃማይካ ስቱዲዮዎች ከሬጌ የተወለደ ስልት ነው። የድምፅ ባለሙያው የተቀረጸውን ዘፈን እንደገና ከፍቶ ከበሮውንና ቤዙን ያጎላል፤ የዘፋኙን ድምፅና ሌሎቹን መሣሪያዎች ደግሞ እንደ ገደል ማሚቶ እያስተጋባ ያስገባል፣ ያስወጣል። በዚህ ስልት ቤዝ አጃቢ ብቻ አይደለም፤ ዘፈኑ የሚቆምበት ምሰሶ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ ዜማ ያመቻል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የተዋቀሩ ቅኝቶች ናቸው። ለምሳሌ የጎንደር አዝማሪ ባለ አንድ ክር ማሲንቆውን ሲመታ ድምፁን የሚከተለው በዚያው በአንዱ ዜማ ነው፤ በሥሩ የሚደረደር ኮርድ የለም። ዜማው በምዕራባውያን ኮርዶች ሲሞላ የቅኝቱ ጠባይ ሊደበዝዝ ይችላል። ቤዝ ግን ከቅኝቱ ድምፆች ሳይወጣ፣ ከሥር ጥቂት ድምፆችን እየደጋገመ ምቱን ሊይዝ ይችላል፤ ዜማውም እንዳለ ይቀራል።

የአልበሙ ስምና ጎንደር

ፕሬስተር ጆን (ቄስ ዮሐንስ) በመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን በሩቅ ምሥራቅ ይኖራል ብለው ያመኑበት፣ በአፈ ታሪክ ብቻ የሚታወቅ ክርስቲያን ንጉሥ ነው። ከጊዜ በኋላ አገሩ ኢትዮጵያ ናት ተባለ፤ ፖርቱጋሎችም የኢትዮጵያን ነገሥታት በዚህ ስም ይጠሯቸው ነበር። ስሙን ያወጡት ኢትዮጵያውያን አልነበሩም።

በዚሁ አልበም «ከፋሲለደስ ባሻገር» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ርዕስ የተሰጠው ሥራም ይገኛል። ዐፄ ፋሲለደስ (የነገሡት 1632–1667 እ.ኤ.አ.) ከፖርቱጋሎች ጋር በተጀመረው ግንኙነት የገቡትን የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ከአገር ያስወጡና ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ መናገሻ ያደረጉ ንጉሥ ናቸው። ቤተ መንግሥታቸው የሚገኝበት ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ በአንድ አልበም ውስጥ ሁለት ስሞች ተገናኝተዋል፤ አንዱ የውጭ ሰዎች ኢትዮጵያን የጠሩበት፣ ሌላው ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የሚያስታውሱት።

ሌሎች ተግባራት

ቶማስ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) የኢትዮጵያ አምባሳደር በመሆንም አገልግሏል።