አሸንዳ ጌጥ ነው ወይስ ጥቅም?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው ፍኖተ ሰላም ከመድረሱ በፊት ጅጋን ያገኛል። በክረምት ወራት በዚያ ሲያልፍ የቤቶቹን ግድግዳ ልብ ብሎ ቢመለከት፣ አንዳንዱ ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ቀይ ጭቃ ተረጭቶበት ያያል። ይህን የሚያደርገው ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርደው ጠፈጠፍ ነው።

በዚያው ቤት የሚሠራ አንድ ወዳጃችን፣ «አሸንዳ ላሠራ ወይስ ገንዘቤን ለፊቱ ልስን ላውለው?» ሲል ጠየቀን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የጭቃ ቤት ብዙ ጊዜ መበስበስ የሚጀምረው ከሥሩ ነውና ችላ የሚባል አይደለም።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ 50 ካሬ ሜትር በሚሸፍን ክዳን ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1000 ሊትር ይወርዳል። ክዳኑ ወደ ሁለት ወገን ያዘቀዘቀ ከሆነ፣ በያንዳንዱ ጎን 500 ሊትር በአንድ ጠባብ መስመር ላይ ያርፋል። ይህም ከሰኔ እስከ መስከረም ይመላለሳል።

የአባቶቻችን የሣር ክዳን አሸንዳ አላሻውም፤ ክፈፉ ረዝሞ ውሃውን ከግድግዳው ያርቀው ነበርና። እኛ ግን ቆርቆሮው ውድ ስለሆነ ጠርዙን አሳጠርነው፤ ጠፈጠፉም ወደ ግድግዳው ቀረበ።

ስለዚህ ወዳጃችንን፣ «ከአንድ ብርቱ ዝናብ በኋላ ቤትህን ዙረህ እይ» አልነው። ጠፈጠፉ የቆፈረው መስመር ከግድግዳው የራቀ፣ መሬቱም ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ፣ መሠረቱም ድንጋይ ከሆነ፣ ጠጠር አልብሶ ቦይ መቅደድ ይበቃል። ውሃው ወደ ግድግዳው የሚመለስ ወይም ወደ ጎረቤት ግቢ የሚወርድ ከሆነ ግን አሸንዳ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ከልክ አልፎ ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል።

መቼም ብዙዎቻችን አሸንዳውን ሰው በሚያየው በመንገዱ በኩል እንሰቅልና የጓሮው ግድግዳ ሲበሰብስ ዝም እንላለን። ደኅና መውረጃ የሌለው አሸንዳም ውሃውን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ማዕዘን ላይ ስለሚያፈሰው ካለመኖሩ ይከፋል። ከመውረጃው ሥር በርሜል ያስቀመጠ ሰው ግን ቢያንስ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ያተርፋል።

ወዳጃችንም ቤቱን ዞሮ ካየ በኋላ፣ የፊቱን ልስን ለከርሞ አቆይቶ የጓሮውን አሸንዳ አስቀደመ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሥራውን አያይለትም፤ እኛ ግን መልካም አደረገ እንላለን።